ስለ ሁለት መስመሮች ምስክርነት

ትምህርት ሁሉ ሲጀምሩት ይከብዳል፤ የሚያስረዳው ያገኘ ልጅ ግን ሸክሙ ይቀልለታል። በአምቦ፥ በጉደር፥ በጊንጪና በጌዶ ያሉ ብዙ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ተምረው፥ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ይቀበላሉ። ቋንቋውና ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ስለሚከብዱባቸው፥ የተመኙትን ሙያ በሒሳብ ፍርሃት ብቻ የሚተዉ አሉ። በቤታችንም ሐኪም ለመሆን የምትመኝ ልጃችንን ይህ ፍርሃት ይዟት ነበርና፥ ነገሩን በቅርብ ልንመረምረው ግድ ሆነብን።

የከበዳትም ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበት የእኩልነት ስሌት፥ ተማሪዎች ኢኩዌሽን የሚሉት ነው። ይህን ስሌት በመስመር መግለጥ የተስፋፋው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 የጂኦሜትሪ ድርሰቱን ካሳተመ ወዲህ ነው። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ዴስሞስ የሚባል የኢንተርኔት መሣሪያ፥ ስሌቱን በእጅ ስልክ ሲጽፉለት መስመሩን ያለ ዋጋ ወዲያው ይሥላል። ሥዕሉም አስተርጓሚ አይሻም።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነውና ለልጃችን በምስክር መሰልንላት። ከጉደር ገበያ በግና ፍየል በድምሩ 10 ተገዙ እንበል። የፊተኛው ምስክር ቃል ይህ ነው፤ ነገር ግን 9 በግና 1 ፍየል፥ ወይም 5 በግና 5 ፍየል ቢሆን ቃሉ አይፈርስምና፥ ብቻውን አያስፈርድም። ሁለተኛው ምስክር ቀርቦ በጎቹ ከፍየሎቹ በ2 ይበልጣሉ ይላል። በጉን ኤክስ፥ ፍየሉን ዋይ ብለን፥ በአንዱ ረድፍ ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል 10፥ በሌላው ረድፍ ኤክስ ሲቀነስ ዋይ እኩል 2 ብለን ብንጽፍ፥ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። የሚገናኙበትን ነጥብ በጣት ሲነኩት 6 እና 4 ተብሎ ይነበባል። ሁለቱ ምስክሮች የተስማሙበት እውነት 6 በግና 4 ፍየል ነው።

መስመሮቹ ጎን ለጎን ሄደው ከቶ የማይገናኙ ቢሆኑ፥ የምስክሮቹ ቃል ተቃርኗልና መልስ የለም። አንዱ በሌላው ላይ ቢደረብ ደግሞ፥ ሁለተኛው የፊተኛውን ቃል ደግሟልና መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም። ልጃችን ይህን ባየች ጊዜ፥ ስሌቱ የሚናገረው ነገር እንዳለው ተረዳች።

ይሁን እንጂ ስልኩ ሁሉን ከሠራላቸው ልጆች እጃቸውን እንዳይፈቱ የሚሰጉ ወላጆች እውነት አላቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ወደ ፈተናውም አዳራሽ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ስለዚህ ከችሎት ሥርዓት ወሰድን። በችሎት ምስክር የሌላውን ቃል እንዳይሰማ በውጭ ይቆያል፤ ሰምቶ የመሰከረ ይጠረጠራልና። በቤታችንም አስቀድሞ የልጅቱ እጅ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ይመሰክራል፤ ስልኩ እስከዚያ ከእኛ ዘንድ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ተጠርቶ ቃሉን ይሰጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ፥ ስሕተቱ ከምልክቱ ይሁን ከድምሩ፥ ራሷ መርምራ ታገኘዋለች። ቀድሞ ደብተሯን ዘግታ የምታለቅሰው ልጅ፥ ዛሬ ከስልኩ ጋር ትሟገታለች።

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ስፍራ ላሉ ቤተሰቦች፥ ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር የጀመረው ጂኦጄብራ አንድ ጊዜ በስልክ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሥላል።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፥ ስልኩን ፈጽሞ መንጠቅም፥ ያለ ሥርዓት መስጠትም ልጅን ይጎዳል። ተራውን ማስጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ እጅ አስቀድሞ ይመስክር፥ ስልክም ይከተል።