ተቀጥላ

ተቀጥላ የሚባል ተክል አለ። ሥሩን መሬት ውስጥ አይሰድም፤ ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ፣ የዛፉን ውሃ እየጠጣ ያድጋል። ዛፉ ሲወድቅም አብሮ ይወድቃል። መቼም በሰውም በቢሮም በንግዱም ዓለም ተቀጥላ አይጠፋም። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግን ስለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተቀጥላ ነው፤ በካሴት ከሚሠራ የቴሌቪዥን ጌም ሥር ተገጥሞ ሲዲ እንዲያጫውት ስለተሠራ ጥቁር ሳጥን። አሜሪካኖች ሴጋ ሲዲ፣ ጃፓኖችና አውሮፓውያን ሜጋ ሲዲ ብለውታል። «የሠላሳ ዓመት የልጅ መጫወቻ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አላጣሁትም። ጥቂት ይታገሠኝ እንጂ ፍርዱን ለእርሱ እተዋለሁ።

ሳጥኑ እኔ ዘንድ የመጣው በአክስቴ በኩል ነው። አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ፣ ጡረታዋን ይዛ አዲስ አበባ የገባችው በቅርቡ ነው። ከሻንጣዎቿ አንዱን ስትከፍት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና «ይኼን ሥራልኝ፤ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ» አለችኝ። ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም። እዚያው አሜሪካ የቀረው፣ ዛሬ ዕድሜው ከአርባ ያለፈው ልጇ ደግሞ በስልክ ነገሩን ሳነሣለት «እስካሁን አልጣለችውም?» ብሎ ዝም አለ። በእናትና በልጅ መካከል አንድ ያልተወራረደ ሒሳብ እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሳጥኑ ትንሽ ልበል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1980ዎቹ የቴሌቪዥን ጌም የሚሸጠው በአብዛኛው በፕላስቲክ ካሴት ነበር። ካሴት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ውድም ጠባብም ነው። የሴጋን ኩባንያ ስም በዓለም ያስጠራው፣ በ1991 የወጣው የሰማያዊው ጃርት ጨዋታ ሶኒክ ሙሉ በሙሉ ያረፈው በ512 ኪሎባይት ላይ ነበር። አንድ ሲዲ ደግሞ 650 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሶኒክ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ወደ ጌም ያመጣው ኤንኢሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ፒሲ ኤንጂን ለተባለው ጌሙ የሲዲ ማጫወቻ ያወጣው በ1988 ነው። ሴጋም ሜጋ ድራይቭ ለሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ ጄነሲስ ለሚሉት ጌሙ ተመሳሳይ ተቀጥላ ሠርቶ በዲሴምበር 1991 ጃፓን ውስጥ፣ በኦክቶበር 1992 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ተፎካካሪው ኒንቴንዶም ከሶኒ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ጀምሮ ነበር፤ በ1991 ግን ሁለቱ ተጣሉ። ሶኒ ብቻውን ቀጥሎ በ1994 ፕሌይስቴሽንን አወጣ። በየሰፈሩ ጌም ቤት ስንት ልጅ የተጋፋበት ፕሌይስቴሽን፣ እንግዲህ፣ ለተቀጥላነት ታስቦ ዛፍ ሆኖ የበቀለ ነው።

የሴጋ ሲዲ ዋጋ በአሜሪካ 299 ዶላር ነበር፤ ያውም ዋናው ጌም ሳይቆጠር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያወጣው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። አክስቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበርና የምታገኘው ከዚህ እምብዛም ፈቀቅ አይልም። 299ን ለ4.25 ብናካፍለው 70 ሰዓት ይመጣል። ኪራዩና ቀለቡ ሳይነሣ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ አጠራቅማ በ1992 ለፈረንጆቹ ገና ለዘጠኝ ዓመት ልጇ ገዛችለት።

ወደ መግጠሙ ልመለስ። ነገሩ ሰክቶ ማብራት ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉዳይ መብራት ነው። ይኼኛው ተቀጥላ ከዋናው ጌም ኤሌክትሪክ አይለምንም፤ የራሱ አዳፕተር አለው። ስለዚህ ጡብ የሚያህሉ ሁለት አዳፕተሮች ማከፋፈያው ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ሁለቱም የተሠሩት ለአሜሪካ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። በቀጥታ ቢሰኩ ትርፉ ጭስ ነው። መርካቶ ወርጄ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ከአዳፕተሮቹ የሚወጣው ኃይል 9 ቮልት ነው፤ ሆኖም ዛሬ በምናያቸው በአብዛኞቹ አዳፕተሮች ጫፍ ላይ ፖዘቲቩ ከመሐል ሲሆን፣ በእነዚህ ግን ከመሐል ያለው ኔጌቲቩ ነው። የጠፋ አዳፕተር ለመተካት የምታስቡ ካላችሁ ቮልቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ።

ሁለተኛው ሁለቱን ማጋባት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ተቀጥላ ጌሙን ተሸክሞ ከሥር ይተኛል። በጌሙ ቀኝ ጎን በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወት ኖሮ ያን ክዳን አንድ ቀን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ ጌሙ ወደ ጎን ሲንሸራተት የሳጥኑ ጥርስ ከቀዳዳው ይገጥማል። ከዚያ በፊት ግን ከጌሙ ሆድ ሥር በብሎን የምትታሰር ስስ ላሜራ አለች፤ ሥራዋ ከሁለቱ ዕቃዎች የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ መቀነስ ነው። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ዕቃዎች መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። አክስቴ ዘንድ ላሜራዋ ከነብሎኖቿ በፖስታ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ካቻቢቴዬን ይዤ ሳስራት፣ ይህችን ቁራጭ ቆርቆሮ በፖስታ አድርጎ ሠላሳ ዓመት ያኖረ ሰው ዕቃውን እንደ ቆሻሻ አላየውም ብዬ አሰብኩ።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የድሮው ጄነሲስ ከጀርባው የሚያወጣው ድምፅ ሞኖ ነው፤ ስቴሪዮውን የሚሰጠው ከፊት ለፊት ባለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀዳዳ ተነሥታ ወደ ተቀጥላው ጀርባ የምትዞር ቀጭን ገመድ ታስፈልጋለች። ተቀጥላው የጌሙን ድምፅ ከሲዲው ጋር ቀላቅሎ በቀይና በነጭ ገመድ ወደ ስፒከር ይልካል። ያቺ ገመድ ከሌለች ከስፒከሩ የሲዲው ሙዚቃ ይሰማል፤ የጌሙ የራሱ ድምፅ ግን ይቀራል።

አራተኛው ቴሌቪዥኑ ነው። የአሜሪካው ዕቃ የሚያወጣው ሥዕል ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ሲሆን የእኛ አገር የድሮ ቴሌቪዥን ፓል ነው። ሁለቱን የማይቀበል ቴሌቪዥን ሥዕሉን ቀለም አልባ ያደርገዋል፤ ወይም ያንከባልለዋል። ሁለቱንም የሚቀበል፣ ሆደ ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን ከአንድ ቆራሌ ላይ በርካሽ ገዛሁ።

ሁሉ ተገጥሞ ሲበራ ግን ሲዲ የሚቀበለው መሳቢያ አልወጣ አለ። ውስጥ ያለችው ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ረግባለች። የሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ሳጥኑን ከፍቶ አየና ሳቀ፤ «ይኼ እኮ ቴፕ ነው!» አለ። ከሞተ ቴፕ ሆድ ያወጣውን ላስቲክ ለክቶ አስገባበት። መሳቢያው እየተንቀራፈፈ ወጣ።

እንግዲህ ስለ ጨዋታው። ሲዲው ሰፊ ጎተራ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ማጫወቻው በሰከንድ የሚያነበው 150 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋታው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። ተቀጥላው ከዋናው ጌም የፈጠነ የራሱ ፕሮሰሰር ቢኖረውም፣ ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚያወጣው ያው የድሮው ጌም ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳየውም 64 ቀለም ነው። ታዲያ ይህን ጎተራ ያገኙ ሰዎች ምን ሞሉበት? ብዙዎቹ ፊልም ሞሉበት። በተዋንያን የተሠራ ፊልም ቆራርጠው ጨዋታ ነው አሉ። በ64 ቀለም የተጨመቀ ፊልም ደግሞ በወንፊት የሚታይ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የቴሌቪዥኑን መሐል ብቻ በያዘች ጠባብ መስኮት ነው የሚታየው።

ከእነዚህ ስሙ የገነነው ናይት ትራፕ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1987፣ በቪዲዮ ካሴት ሊሠራ ታስቦ ገበያ ሳይወጣ ለቀረ ሌላ መጫወቻ ነበር። በ1992 ሴጋ ሲዲ ላይ ወጣ። በዲሴምበር 1993 ሴናተሮቹ ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል በጌም ውስጥ ስላለ ዓመፅ ስብሰባ ሲጠሩ ከዋናዎቹ ተከሳሾች አንዱ እርሱ ሆነ። በአሜሪካ የጌም ካርቶን ላይ የዕድሜ ደረጃ እንዲለጠፍ የሚያደርገው ኢኤስአርቢ የተባለው ድርጅት በ1994 የተቋቋመው ከዚያ ግርግር በኋላ ነው። ሸንጎው የተጨነቀው ልጆች በዚህ ሳጥን ላይ ስለሚያዩት ነገር ነበር። ልጆቹ ሲያዩት አጠገባቸው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ከአክስቴ ሳሎን ወጥቶ እዚያ አልደረሰም።

ጎተራውን በደህና እህል የሞሉትም አሉ። በ1993 የወጣው ሶኒክ ሲዲ ከመግቢያውና ከመደምደሚያው ካርቱን በቀር ፊልም አልተመኘም፤ ቦታውን ለሙዚቃ ሰጠው። ሲዲውን በተራ ማጫወቻ ከትታችሁ፣ መረጃ የያዘውን አንደኛውን ትራክ ዘልላችሁ ሙዚቃውን ብቻ ማዳመጥ ትችላላችሁ። ይሁን እንጂ ገበያው ፈርዷል። ዋናው ጌም 30 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ ተቀጥላው በዓለም ሁሉ የተሸጠው 2.24 ሚሊዮን ነው። በ1996 ተቋረጠ።

ሳጥኑ የሠራ ዕለት ለአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሜሞሪው ውስጥ የኔ ነገር አለ?» ብሎ ነው። ተቀጥላው ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚመዘግብበት 8 ኪሎባይት ማኅደር አለው። ማኅደሩን በሕይወት የምታቆየው ሳንቲም የምታህል፣ ውስጥ የተበየደች ባትሪ ናት፤ ዕቃው ሲሠራ ትሞላለች፣ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ትሞታለች። ፋብሪካው በሲዲው ላይ ያተመው 650 ሜጋባይት ሳይጎድል አለ፤ ልጁ በሌሊት ብቻውን የጻፋት 8 ኪሎባይት ግን ባዶ ናት። ይህንኑ ነገርኩት።

«ገምቼ ነበር» አለ። አክስቴ ከጎኔ መሆኗን ሲያይ ደግሞ «እማዬ፣ ያሳደገኝ እኮ ይኼ ነገር ነው» አላት። በቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን ስለት ነበረው።

አክስቴ አልተቆጣችም። «አውቃለሁ» አለች። «ጨዋታ መቼ ገዛሁልህ? ዘበኛ ነው የገዛሁልህ። በር እንዳትከፍት፣ ውጪ እንዳትወጣ፣ እስክመጣ እንዳትፈራ።»

ሰባው ሰዓት ትዝ አለኝ። ልጇ ብቻውን እንዳይሆን የሚያጫውተው ዕቃ ለመግዛት፣ ሰባ ሰዓት ብቻውን ትታው መሥራት ነበረባት። ይህን ሒሳብ ምንም ዓይነት ማሽን አያስታርቀውም። ስደት ላይ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስደት ሳይወጡ ከተማችን ውስጥ ሁለት ሥራ የሚሠሩ እናቶችም ያውቁታል።

ልጇ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «እሑድስ?» አለ።

«እሑድማ የኔ ነበር!» አለች አክስቴ፤ ፊቷ በራ። ከቦርሳዋም አንድ ሲዲ አወጣች፤ የአስቴር አወቀ «ካቡ»፣ በ1991 የወጣው። እኔ እስከዚያ ሰዓት ያልገባኝ ነገር ይኼ ነበር። ሴጋ ሲዲ ተራ የሙዚቃ ሲዲም ያጫውታል፤ ካሴት ሳይገባበት ሲበራ ትራኮቹ በቁጥር የተደረደሩበት ሰሌዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ይመጣል። በዚያ ቤት ከእርሱ ሌላ ሲዲ የሚያጫውት ዕቃ አልነበረም። አክስቴ ቁልፎቹን ስለማትችል፣ እሑድ ቡና ስታፈላ ጆይስቲኩን የሚይዘው ልጇ ነበር፤ «ስንተኛውን?» እያለ ይጠይቃታል፣ እርሷ ቁጥር ትጠራለች። በሳምንቱ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ነገር ላይ የሚቀመጡት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

መሳቢያው ሲዲውን ዋጠ። ጥቂት ተንጫጫና ሰሌዳው መጣ። ልጇ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ በአማርኛ «ስንተኛውን ነው የምትፈልጊው?» አላት። እርሷም ቁጥሩን ጠራች፤ የተጫንኩት ግን እኔ ነኝ።

ሒሳቡ ተወራረደ ማለቴ አይደለም። ልጁ ያን ሁሉ ሌሊት ብቻውን ነበር፤ እናቱም ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፦ ኩባንያው ሚሊዮኖች አፍስሶ የሸጠው ፊልሙን ነበር፤ ፊልሙ ዛሬ ያስቃል። በሰው ቤት ውስጥ የቁም ነገር ሥራ የሠራው፣ በጎን የተጨመረው የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ስለዚህ ከአልጋችሁ ሥር የቆየ ዕቃ ካለ፣ ቆራሌ ከመጥራታችሁ በፊት የቤቱን ሰው «ይኼ ነገር ምን ይሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሌላ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሳጥኑ አሁን አክስቴ ሳሎን ነው። ቡና በፈላ ቁጥር ይሠራል። ሲጠፋ ትራንስፎርመሩን ከሶኬት እንድትነቅል ብቻ አደራ ብያታለሁ።