ከቱቦው እስከ ሰውየው

አሜሪካ ሆስፒታል ላብራቶሪ ገብቼ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አዳር ተረኛ ሆኜ ማሽኑ አንድ ቁጥር አወጣ፦ ፖታሲየም 8.1። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5 ነው። ከ8 ካለፈ ልብ ቀጥ ሊል ይችላል። ስልኩን አንስቼ ደወልኩ።

ነርሷ ያገሬ ልጅ ናት። "ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነህ? ሰውየው እኮ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነው። የልብ ምርመራቸውም፣ ኢሲጂው፣ ደህና ነው" አለችኝ።

ደንግጬ ሌላውን ውጤታቸውን ከፈትኩ። ነጭ የደም ሴል 340,000። የጤነኛ ሰው ቢበዛ 11,000 ገደማ ነው። አዛውንቱ ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር አለባቸው።

ፖታሲየም ጎጆው ሴል ውስጥ ነው፤ ከውጭ ካለው 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የዚህ በሽታ ሴሎች ደግሞ ስስ ናቸው፣ ትንሽ ከተንገላቱ ይፈነዳሉ። እኛ ጋ ናሙና የሚላከው ግድግዳ ውስጥ በተዘረጋ የአየር ግፊት ቧንቧ ነው። እየተወነጨፈ፣ እየተላተመ ይመጣል። ሴሎቹ መንገድ ላይ ፈንድተው ፖታሲየማቸውን ቱቦው ውስጥ ዘርግፈውታል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የለካው ግን ቱቦውን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

ቁጥሩን አምነን ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ብንሰጣቸው፣ ደህና የነበረው ወርዶ ልባቸውን የምናውከው እኛው ነበርን።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ያ ሁሉ ነጭ ሴል ቱቦ ውስጥ ሆኖም ስኳር መብላቱን አይተውም። ናሙናው ከቆየ፣ ምንም ያልሆነ ሰው ስኳሩ የወረደበት ይመስላል።

ይህን ሰምቶ "ውጤት አይታመንም" የሚል እንዳይኖር። የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀመር ሴሎች በብዛት ሲሞቱ ፖታሲየም የእውነትም ያሻቅባል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ከመገመት ቶሎ መድገም ነው። ዘመዳችሁ ይህ በሽታ ካለበት ደም ሲቀዳ "ነጭ ሴሉ በጣም ከፍ ያለ ነው" ብላችሁ አስታውሱ።

እኛም ደገምነው። ነርሷ ቀስ ብላ ቀዳች፤ እኔ ወርጄ ናሙናውን በእጄ ይዤ፣ ሳላናውጥ፣ በኮሪደሩ ተመለስኩ። አገር ቤት ስሠራ ናሙና ሁሉ እንዲህ በእጅ ነበር የሚመጣው፤ ኋላ ቀርነታችን ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱ 4.2 ሆነ። ደውዬ ስነግራት "ሻያቸውን ጨርሰው ተኝተዋል" አለችኝ።