የጌታቸው ሳክስፎን በጂንካ

በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ የሚወርድ መንገደኛ፥ ወገቡ ተቆራርጦ ስለሚደርስ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው መቀመጫና ቡና ነው። እኔም የቅዳሜው ገበያ ገና ሳይበተን ከአንዲት ቡና ቤት ገባሁና፥ ስልኬን ከፍቼ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ማዳመጥ ጀመርሁ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የሐመር ተወላጅ ተማሪ ጆሮውን ጣል አደረገና፥ «ጋሼ፥ ይህ ሰውዬ ማንን ነው የሚያነሣሣው?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። ሽለላ ጦረኛው ከመዝመቱ በፊት በአፉ የሚያሰማው ነበረ፤ ጌታቸው ግን ቃሉን ትቶ ድምፁን ብቻ በሳክስፎን አወጣው። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በይፋት ተወልዶ፥ ክራርና መሰንቆ ሲነካ አድጎ፥ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፥ ማለት ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፥ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲቆም፥ ሳክስፎኑ እውነትም ይፎክር ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ድምፁን ከአሜሪካ ጃዝ ዐመፀኞች ጋር ያስተያዩታል፤ እርሱ ግን የደረሰበት በሽለላ መንገድ ነው።

በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፥ ሰባ ዓመት ሊደፍን የተቃረበውን ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጠራው። ሽማግሌው በኤሌክትሪክ ጊታሩ ጩኸት አልደነገጠም፤ እንዲያውም አጅቡኝ ብሎ ጠየቃቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ጌታቸው በሚያዝያ 2016 ዐረፈ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፥ «በኛ አገር ይህን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው» አለኝ። የሐመር ጎረምሳ ለዐቅመ አዳም ሲደርስ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ይሮጣል። በዚያ ቀን የዘመዶቹ ሴቶች እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፥ ትንሽ የብረት ጥሩምባ እየነፉ ያደፋፍሩታል። ጥሩምባዪቱ እንደ ሳክስፎን ቁልፍ የላትም፤ ያላት ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በቱርሚ በኩል ሳልፍ ሰምቻት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፥ ጩኸት ናት ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ።

«ጋሼ፥ እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አለ ልጁ። ደገምሁለት። ከዚያም የራሱን ስልክ አውጥቶ ለእኅቱ ደወለና፥ ሁለቱን ስልኮች አፍና ጆሮ አድርጎ አጋጠማቸው። እኅቱ የተናገረችው በሐመርኛ ስለ ነበረ አልገባኝም፤ ስትስቅ ግን ሰማሁ።