አንድ ሐሙስ በጂማ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን የሚያልፍ መንገደኛ ጂማ ላይ አንድ ቀን ቢተርፈው ብዙ ጊዜ አልጋ በያዘበት ቤት ተኝቶ ያሳልፈዋል። ቁርኣን ግን በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ሰዎች ፍጻሜ እንድናስተውል ያዘናል። ብቻ መጓዝ የሚወደድ ባይሆንም፣ ባለፈው ኅዳር ያለ ጓደኛ ያገኘሁትን አንድ ሐሙስ ለዚሁ አዋልኩት።

ጧት ወደ ገበያ ወረድኩ። ሥፍራው በጥንት ስሙ ሂርማታ ይባላል፤ የሐሙስ ገበያውም በጊቤ አገሮች ሁሉ የታወቀ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው ይዘው ይመጡና ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሱ ነበር። እስልምና በእነዚህ አገሮች እንዲስፋፋ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከገበያው በባጃጅ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጂማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ንጉሡ ለአፄ ምኒልክ በመገበር አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት አትርፈዋል፤ ለሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤትም በመካ እንደ ነበራቸው ይታወቃል።

ዙህርን አጠገቡ ባለው መስጊድ ሰገድኩ። መንገደኛ ሁለት ረከዓ ማሳጠር ቢፈቀድለትም ነዋሪ ኢማም የተከተለ አራቱን ይሞላልና ከጀማዓው ጋር አራት ሰገድኩ። ከሶላት በኋላ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ በሂርማታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ እንዴት ልንገራቸው?» አልኳቸው።

«እንደ ነበረው ንገራቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «በጎውን ብቻ ከነገርካቸው፣ ነገ ሌላው ክፉውን ሲነግራቸው በጎውንም አያምኑህም።»

እውነታቸውን ነው። የባሪያ ንግድ በአገራችን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ገዢ ዘንድ የነበረ ሲሆን፣ ባርነትን የሻረው ሕግ የወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና ሌላውም አድርጎታል ማለት ለእኛ ማምለጫ አይሆንም። ዲናችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ከታላላቅ መልካም ሥራዎች ቆጥሮታል፤ ከዘካ ስምንት ድርሻዎችም አንዱን ለዚሁ መድቧል። ሰይዱና ቢላልን የሚወድ ሙስሊም የሂርማታን ገበያ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ጥፋቱ የሰዎቹ ነው፤ ሚዛኑ ግን የዲኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ አጋሮ ሄድኩ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቡና መገኛ ናት የምትባለው ጮጬም በዚሁ በጎማ ምድር ትገኛለች። ወሩ የለቀማ ነውና በመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ እሸት ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ እናቶችና ልጃገረዶች ጎንበስ ብለው የተበላሸውን ፍሬ ይለያሉ። እነዚህ ሠራተኞች ነፃ ሰዎች ናቸው። የላባቸው ዋጋ ግን የሚከበረው የገዢው ሚዛን ሳይዛባ፣ ደመወዛቸውም ላባቸው ሳይደርቅ ሲከፈል ነው። ያለፈውን በደል የሚኮንን ሰው በዛሬው ሚዛንም ይፈተናል።

ውድ ወላጆች! በዚያ የምታልፉ ከሆነ ልጆቻችሁን ጅሬንንም ሂርማታንም አሳዩአቸው። የመካውን ማረፊያ ስትነግሯቸው የሐሙሱን ገበያም አትደብቋቸው። አላህ እውነትን ከሚናገሩትና በሚዛን ከማይበድሉት ያድርገን። አሚን።