የሚያፈስ ቬፕ ለንደንና ጂንካ

ለንደን ውስጥ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ታንክ ቢያፈስ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያዋ ጂንካ ግን ያው ታንክ ቢያፈስ መፍትሔ የለውም። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ጂንካ ያለው የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ጎልማሳ ነው። «ጋሼ፣ ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ የሰጠኝ ቬፕ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ኪሴን አራሰው፣ እጄንም ያሳክከኛል። ምን ባደርገው ይሻላል?» ይላል።

እዚህ እንግሊዝ አገር ይህ የሰርክ ጥያቄ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሚሊዮን አጫሾች ሲጋራቸውን በቬፕ እንዲለውጡ ለመርዳት ማቀዱን አስታውቋል። ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ተስቦ የሚጣለውን ዓይነት መሸጥ ተከልክሏል። ስለዚህ ቬፕ የሚስቡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ አሁን የሚይዙት ፈሳሽ የሚሞላበትን ነው። ታንኩ በሕግ ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ እንዲይዝ አይፈቀድም፤ ኒኮቲኑም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ሁለት ሚሊ ሊትር ትንሽ ብትመስልም ኪስ ለማበላሸት በቂ ናት።

የሚያፈሰው ከታች ስለሆነ ሰው ሁሉ ብልሽቱን የሚፈልገው ከታች ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው። ፈሳሹ እንዳይወርድ የሚይዘው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ከፈሳሹ በላይ የታፈነው አየር ግፊቱ ከውጭው ትንሽ ስለሚያንስ ፈሳሹን ወደ ላይ ስቦ ያቆየዋል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ የጎማ ቀለበቷ ከተጣመመች ወይም ከደረቀች፣ መስታወቱም የፀጉር ያህል ከተሰነጠቀ፣ አየር ከላይ ይገባና ያ መሳብ ይጠፋል። ፈሳሹም በኮይሉ (በማሞቂያው ሽቦ) ጥጥ አልፎ ከሥር ባለው የአየር ቀዳዳ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ በሶፍት ጠርጎ፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። ቀጥሎ ኮይሉ እስከ መጨረሻው መጥበቁን ማረጋገጥ። ሲሞላም መሐሉ ላይ ባለው ቱቦ ሳይሆን በጎን ባለው ቀዳዳ፣ አፉ ድረስ ሳያጥለቀልቁ። ወፍራም ፈሳሽ ለሚፈልግ ሰፊ ኮይል ቀጭን ፈሳሽ ከሞሉበት ጥጡ መያዝ ያቅተዋል። ኃይሉን በጣም ዝቅ አድርጎ በኃይል የሚስብ ሰውም ወደ እንፋሎት ያልተለወጠውን ፈሳሽ ራሱ ስቦ ያወርደዋል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የሠፈሩ ሱቅ አዲስ ኮይል፣ ቀለበትና መስታወት ይሸጣል። እዚህ ጥገና ማለት በአብዛኛው አዲስ ዕቃ ገዝቶ መለወጥ ነው።

ያው ታንክ ወደ አገር ቤት ሲጓዝ ደግሞ መንገዱ ራሱ ያስፈስሰዋል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የክፍሉ አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ታንኩ ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል። ከሙሉ ታንክ ይልቅ በጎደለ ታንክ ይህ ይብሳል፤ የሚለጠጠው አየር ብዙ ነውና። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከለንደን በሩብ ገደማ ያንሳል። ጂንካ ወደ 1,500 ሜትር ትወርዳለች፤ ከዚያ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ የወረደ ሰው ደግሞ ቆላው ይጠብቀዋል። ሙቀት ፈሳሹን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ፈሳሽ ደግሞ ጥጡን በቀላሉ ያልፋል።

ደቡብ ኦሞ ለትንባሆ እንግዳ አይደለም። አሪዎች ያበቅሉታል፤ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ላይ ትንባሆ ይሸጣል፤ ከቆላ የሚመጡት ሙርሲዎችም ገዝተው ይመለሳሉ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ከቅል በተሠራ ጋያ ሲያጨሱ ያላየ የጂንካ ልጅ የለም። ቅሉ ውኃ ይይዛል፤ ጎኑ ላይ የሚሳብበት ሸምበቆ ይሰካል፣ አናቱ ላይ ትንባሆና ፍም ይቀመጣል። መጋጠሚያው አየር ሲያስገባ ሳቢዋ ወዲያው ታውቀዋለች፤ ውኃው መንቦቅቦቁን ይተዋል። ቁራጭ ሰም በጣቷ አሙቃ፣ አልፍታ፣ በሸምበቆው ዙሪያ ትለጥፈውና ደግማ ትስባለች። የተሰነጠቀ ቅል ደግሞ ስንጥቁ በግራና በቀኝ በወስፌ ተበስቶ ይሰፋል። ከዚህ ካለፈ በአጥር ላይ የሚንጠለጠል ሌላ ቅል አለ። ዕቃው፣ ማሸጊያውና ሙያው ሁሉም እዚያው ናቸው።

ጋያ ጤና ነው እያልኩ አይደለም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጠራውም፤ ትንባሆ በጋያም ቢጨስ ሳንባንና ልብን ይጎዳል። የምለው ስለ ጥገና ነው። የጂንካዋ እናት የጋያዋን ብልሽት ከሥሩ ታውቃለች። የእህቴ ልጅ ግን በእጁ የያዘውን ነገር ከፍቶ አይቶት አያውቅም፤ ቢያውቅም ቀለበቷን የሚገዛበት ሱቅ የለም።

የሌለውም በሕግ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ያው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ሱቅ በሌለበት፣ የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያስረዳ ሰው በሌለበት፣ የሚያፈስ ታንክ ከኪስ መራስ ያለፈ ነገር ነው። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። የፍራፍሬ ሽታ ያለውን ጠርሙስ አንድ ሕፃን አንስቶ ቢጠጣው ሊሞት ይችላል።

ለእህቴ ልጅ የጥገናውን መንገድ አልነገርኩትም። እጁን በሳሙናና በብዙ ውኃ እንዲታጠብ፣ ፈሳሹን ቤት ውስጥ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ እንዲቆልፍበት፣ ባትሪውን እሳት ውስጥ እንዳይጥለው፣ ዳግመኛም እንዳይሞላው ነገርኩት። «ታዲያ ሲጋራውን በምን ልተወው ጋሼ?» አለኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። ጂንካ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም እንዲያማክር መከርኩት፤ እኔም ማታ ማታ እየደወልኩ እከታተለዋለሁ።

ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትገቡ ወገኖቼ፣ ከሻንጣችሁ ውስጥ ለስጦታ ብላችሁ የያዛችሁት ቬፕ ካለ እባካችሁ አውጡት። እናንተ ተመልሳችሁ ስትመጡ የሚያፈሰው ታንክ እዚያ ቤት፣ ከልጆቹ መሐል ይቀራል።