አረንጓዴዋ የእማዬ ናት

እናንተስ ስብሰባ ስትገቡ የስልካችሁን ድምፅ ታጠፋላችሁ? እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኔ የሚያልፈው በስብሰባ ነው። አንድ ቀን እማዬ ስኳሯ ወርዶባት አራት ጊዜ ደውላልኝ ኖሮ፣ ያየሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ደግነቱ ጎረቤት ደርሶላታል። እኔን ያንገበገበኝ ግን የስልኬ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ያን ሁሉ ጊዜ ሰማያዊ ብልጭ ድርግም ስትል ማየቴ ነው። ለግሩፑ ጫጫታም፣ ለእማዬም ያው ሰማያዊ!

ማታውኑ ጋላክሲ ኤስ 5 ስልኬ ላይ ላይት ፍሎው የሚባል አፕ ጫንኩ። ማሳወቂያዎቼን እንዲያይ ፈቀድኩለትና ቀለም ማደል ጀመርኩ። መጀመሪያ ለአሥራ አንድ ሰው ሰጥቼ፣ የቱ የማን እንደሆነ ራሴው ጠፋኝ። አሁን እማዬ አረንጓዴ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ቢጫ፤ በቃ። የሥራውን ግሩፕ ጭራሽ አጠፋሁት (አለቃዬ ይህን መጽሔት እንደማያነቡ ተስፋ አለኝ)። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ የምትደፉ ከሆነ ግን አትልፉ፤ መብራቷ አትታይም።

ባለቤቴ አዲስ ስልክ ግዢ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ሳምሰንግ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጋላክሲ ኤስ 10 ላይ መብራቷን አስቀርቷታል። ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ መሀል አረንጓዴዋ በራች፤ ይቅርታ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ሽሮ አስፈጭታልኝ ኖሯል የደወለችው።