የእህታችን ደብተር

እኛ መጸለይ እናውቃለን እንል ነበር። በደብረ ማርቆስ ያለችው ኅብረታችን ትንሽ ናት፤ ሰው ሲታመም ግን ቤቱ ይሞላል። አንዲት እህታችን የጡት ካንሰር እንዳለባት የታወቀ ሰሞን በየምሽቱ ተራ ይዘን ጸለይን፣ ጾምን፣ ለመጓጓዣና ለምርመራ ብር አዋጣን። አንዳችንም ያልያዝነው ነገር ግን ነበር፤ ወረቀቱን።

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይነጋ መናኸሪያ ገብታ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዳ የዓባይን በረሃ ተሻግራ፣ በጎሃ ጽዮን ወጥታ ነው የምትደርሰው። በመጀመሪያው ጉዞ የናሙናው ውጤት ቤት ቀረ። ቁም ሳጥኑ ላይ ከመብራት ደረሰኝ ጋር በአንድ ፌስታል ታጭቆ ነበር። ሐኪሙ ያለ እርሱ ምን ያድርግ? የዕጢውን ዓይነት የሚናገረው ያ ወረቀት ነው፤ መድኃኒቱም የሚመረጠው በእርሱ ነው። በማግስቱ በሾፌር እጅ ላክንላት፤ እስኪደርስ እርሷ የአልጋ ከፈለች።

ሁለተኛው ስሕተታችን የባሰ ነበር። ኬሞው በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጣት። ካርዱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 15/06 ተብሎ ተጽፏል። ከእኛ አንዱ፣ ጁን ሰኔ ነው ብሎ፣ በትልቁ «ሰኔ 15» ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈላት። ጁን 15 ግን ሰኔ 8 ነው። አንድ ሳምንት አሳልፋ ደረሰች። ማንንም አልወቀሰችም፤ የጻፈው ወንድም ግን ነገሩ በተነሣ ቁጥር ዛሬም አንገቱን ይደፋል። እርሱ ብቻውን አይደለም የጣላት። ሁላችንም በዚያ ወረቀት ሥር ተንበርክከን ስንጸልይ፣ ቀና ብሎ ያጣራ አልነበረም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ሽባውን ተሸክመው የመጡትን አራት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰብከንባቸዋል፤ ስለ ጣራው፣ ስለ እምነታቸው። አራቱም የየራሳቸውን ጫፍ ይዘው እንደ ነበር ግን ልብ ብለን አናውቅም። አንዱ ቢለቅ ሰውዬው መሬት ነበር።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። መጀመሪያው ገጽ ላይ የበሽታው ስም ሐኪሙ እንደ ጻፈው፣ ደረጃው፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የካርድ ቁጥሯ፣ የማይስማማት መድኃኒት። ቀጠሮ ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ከነሰዓቱ ይጻፋል። ጥያቄዎች ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ይጻፋሉ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ይጠፋልና። የእያንዳንዱ ወረቀት ፎቶ በሁለት ሰው ስልክ ይቀመጣል። አንዲት ነርስ የነገረችንን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍነው፤ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ቢመጣ ማደር የለም። አንድ ሌሊት በጸሎት መካከል ትኩሳቷ 38.4 ሆነ። ተነሥተን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ከነፍን፤ አሜን ያልነው ባጃጁ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለውን በሽታ ለታማሚው አይነግሩም። ወንድሞቿ «አደራ፣ እንዳትሰማ» ብለውን እኛም «ቀላል እብጠት ነው» እያልናት ነበር። እርሷ ግን አዲስ አበባ የገባችበት ክፍል በር ላይ የተጻፈውን አነበበች። ተመልሳ መጥታ ያለችን አንድ ነገር ነው፤ «እኔ የማላውቀውን ነገር ነበር ለጌታ የምትነግሩልኝ?» መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን የምትይዘው ራሷ ናት፤ መጀመሪያውን ገጽም ቀዳ በራሷ እጅ ጻፈችው።

ኬሞውን ተዪው፣ ተፈውሰሻል ያላትም ሰው አልጠፋም። ጌታ ይፈውሳል፤ እኛም እናምናለን። ሕዝቅያስ ግን የፈውስ ቃል ከተነገረው በኋላም የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል (2ኛ ነገሥት 20)። እርሷም ኬሞውን አላቋረጠችም።

ለምታስታምሙ አንድ ነገር እንጠቁማችሁ። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለ ነበር፣ ከክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ተራ ሲጠብቅ ማደሪያ ያስጨንቀዋል። ልጁን በደም ካንሰር ያጣ አባት በ1996 ዓ.ም የመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን መጠለያ አለው። ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው።

ባለፈው ወር ከቢቸና አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ እህታችን ቤት መጡ። ከእኛ ኅብረት አይደሉም፤ ሰው ጠቁሟቸው ነው። ልጁ በእጁ ፌስታል ይዟል። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀችም። ፌስታሉን ተቀብላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው፣ አዲስ ደብተር ከፈተችና ልጁን ጠየቀችው፤

«ቀጠሯቸው በማን አቆጣጠር ነው?»